በአደራ የተቀበልኳት ልጅ ሹሩባና የእናቷ ምክር

በሎስ አንጀለስ የፎስተር አሳዳጊነት፣ ማለትም ከወላጆቻቸው ለጊዜው የተለዩ ልጆችን በአደራ የማሳደግ፣ ፈቃድ አግኝቼ የተቀበልኳት የመጀመሪያዋ ልጅ የ9 ዓመት ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ወዳጆቼ «አንቺማ ሹሩባ ትሠሪያለሽ፤ በምን ትቸገሪያለሽ?» አሉኝ። ሹሩባ መሥራት በእርግጥ አውቃለሁ፤ የእርሷ ቤተሰብ ግን የራሱ ልማድ፣ የራሱ ቤተ ክርስቲያንና የራሱ የፀጉር አያያዝ ስላለው፣ የእኔን ባህል ማልበስ የእርሷን መጠበቅ ሊሆን አይችልም ብዬ አመንኩ።

ስለዚህ ጉዳይዋን በምትከታተለው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ በሶሻል ወርከሯ በኩል፣ እናቷን አስጠየቅሁ። በጉብኝት ሰዓት እናቲቱ ልጇን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ አሠራሩን አሳየችኝ፤ ፀጉሩ በኮንዲሽነር ከራሰ በኋላ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፍ ወደ ሥር ቀስ እየተባለ ይፈታል፤ ግንባሯ ዳር ያለው ስስ ፀጉር እንዳይነቀል ጉንጉኑ አይጠብቅም፤ ሌሊት በሳቲን ሻሽ ይታሰራል። ከሙያው ይልቅ የጠቀመን ግን እናትየዋ በልጇ አስተዳደግ ቦታ እንዳላት ማየቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ምግቧም ስለ እንቅልፏም ሳልጠይቃት ትነግረኝ ጀመር።

ሕጉም ከልጆቹ ጋር ነው። የካሊፎርኒያ የፎስተር ልጆች መብቶች፣ ልብሱም ሆነ የፀጉርና የንጽሕና ዕቃው የልጁን ባህልና የዘር ማንነት እንዲያከብር ይደነግጋሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀው የክራውን ሕግ ደግሞ በሹሩባና በመሰል አሠራሮች ምክንያት ተማሪን ማግለልን ይከለክላል። ከትምህርት ቤቷ «ፀጉሯ ሥርዓት ይያዝ» የሚል ማስታወሻ ሲመጣ፣ ይህንኑ ሕግ ጠቅሼ በጽሑፍ መለስኩ፤ ልጅቷም አንድ ጉንጉን እንኳ አልፈታችም።

የሚከብደው ምርጫውን ለልጅ መተው ነው። ለፋሲካ ዘመዶቼ የሐበሻ ቀሚስ አመጡላት፤ ቁም ሣጥኗ ውስጥ መኖሩን ነገርኳት እንጂ ልበሺ አላልኳትም፤ እርሷም እናቷ የገዛችላትን ቢጫ ቀሚስ መረጠች። አክስቴ ቅር ብሏት ነበር፤ ከቤቱ ተለይቶ የመጣ ልጅ በራሱ የሚወስነው ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ ያንን ጥቂት ልንወስድበት እንደማይገባ አስረዳኋት። በዕለታዊ ጉዳዮች አሳዳጊ አመዛዝኖ እንዲወስን ቢፈቀድም፣ ፀጉሯን ማሳጠርንና ጆሮዋን መብሳትን እናቷ ሳትመክርበት አላደረግሁም።

ወደ ሌላ ቤት ብትዛወር ተቀባዩ ከባዶ እንዳይጀምር፣ የምትወደውን የሹሩባ ዓይነትና የሚስማማትን ቅባት ጽፌ ለሶሻል ወርከሯ ሰጥቻለሁ። አዲስ ፈቃድ የሚያወጡ ሐበሾች ሲያማክሩኝም፣ ልጁ በገባበት ሳምንት፣ የመጀመሪያው የፀጉር መታጠቢያ ቀን ሳይደርስ፣ ቤተሰቡን እንዲያስጠይቁ እነግራቸዋለሁ።