ከትከሻው ኋላ የሚያይ ሰው

ዛሬ ለዓመታት በፕሮፌሽናል ተከላካይነት ከተጫወተ ወዳጄ ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ ዋልን። ጫማውን ከሰቀለ ቆይቷል።

እያወራን በየመሀሉ ወደ ኋላው ዞር ብሎ ያያል። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ትከሻው። ግራ ሲገባኝ "የቀጠርከው ሰው አለ እንዴ?" አልኩት።

"የለም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው" አለኝ። "ኳሱን ብቻ የሚያይ ተከላካይ ከጀርባው የሚሮጠውን አጥቂ የሚያየው ጎል ከገባ በኋላ ነው።"

አንገቱ ጡረታ አልወጣም ማለት ነው! ይሄ ነገር ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የማይረሳውን ጨዋታ ስጠይቀው ስላዳናቸው ኳሶች አላነሳም። ግማሽ እርምጃ ዘግይቶ ጎል የተቆጠረበትን አንድ ምሽት ነገረኝ። በዝርዝር፣ ትናንት እንደሆነ ሁሉ።

ወዲያው የጣሊያኑ ተከላካይ ፍራንኮ ባሬሲ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ዋንጫ በምድብ ጨዋታ ጉልበቱን ተጎድቶ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። አንድ ወር እንኳን ሳይሞላው ለፍጻሜው ተመለሰ። እነሮማሪዮና ቤቤቶ የነበሩበት ብራዚል በ120 ደቂቃ አንድም ጎል አላገባበትም። ያን ሁሉ የሠራው ገና ባገገመ ጉልበት ነው፤ ለእኔ ከዚያ በላይ የተከላካይ ብቃት የለም። ከዚያ አሸናፊው በፍጹም ቅጣት ምቶች ሲለይ የመጀመሪያውን መትቶ ከአግዳሚው በላይ ሰደደው።

ዛሬም ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያወራው ስለዚያች ምት ነው። እኔ ግን ማታ ቁጭ ብዬ 120ውን ደቂቃ እንደገና ላየው ነው።