«ዘራፍ» ብሎ የተቀመጠው አባቴ

በታላቅ ወንድሜ ሰርግ፣ ሽለላው ደርቶ ዳሱ ሲናወጥ፣ ዘመዶች አባቴን «አስር አለቃ፣ ተነሣ እንጂ!» ብለው ዱላ አስያዙት። ሰሜን ጦር ግንባር ስድስት ዓመት የቆየ ሰው ነው። ተነሣ። «ዘራፍ!» አለ። ከዚያ ዝም። ዱላውን ለአጎቴ መልሶ ተቀመጠ። ማታ እግሩን እያጠብኩ ምን ሆኖ እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ስማቸውን ልጠራ ነበር። የሰርግ ቤት ነው ብዬ ተውኩት» አለኝ። የእነማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ይህን የቀሰቀሰብኝ ሰሞኑን ስተረጉመው የከረምኩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋው የእንግሊዛዊው ወታደር የዊልፍሬድ ኦወን ግጥም ነው። እኛ ዘንድ ወታደር ሲገጥም ይሸልላል፣ ይፎክራል፤ የገደለውን ይቆጥራል፣ የጓደኛውን ልብ ያሞቃል። ለወደቀው ማልቀስ የአልቃሾች ፋንታ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሴቶች። ኦወን የወታደር ልብሱን ሳያወልቅ ሙሾ አወረደ። የምወደውም በዚህ ነው።

ከእሱ በፊት የነበረው ቃና ሌላ ነበር። ሌላው እንግሊዛዊ ገጣሚ ሩፐርት ብሩክ «ብሞት፣ የምቀበርበት የባዕድ መሬት ጥግ ለዘላለም እንግሊዝ ይሆናል» የሚል ግጥም ጻፈ። ውብ ነው፣ አልክድም። ግን ብሩክ በ1915 እ.ኤ.አ. ቱርክ ወዳለው የጋሊፖሊ ግንባር ሲጓዝ በደም መመረዝ ሞተ፤ ኦወን የኖረበትን የፈረንሳይ ምሽግ አላየውም።

ኦወን በ1917 ከዚያ ምሽግ የወጣው የፍንዳታው ድንጋጤ አእምሮውን አውኮት ነው። ኤድንብራ፣ ክሬግሎክሃርት ሆስፒታል አስገቡት። እዚያ ሲግፍሪድ ሳሱንን አገኘ። ሳሱን የጀግንነት ሜዳይ ያለው መኮንንና ገጣሚ ነው፤ «ጦርነቱን ማስቆም የሚችሉት ሆን ብለው እያራዘሙት ነው» ብሎ በይፋ ስለጻፈ፣ ከመክሰስ ይልቅ «ታሟል» ብለው ነው ያመጡት።

የግጥሙን ረቂቅ ስልኬ ላይ አጉልቼ አየሁት። ርዕሱ መጀመሪያ «የሞቱ ወጣቶች መዝሙር» ነበር። «የሞቱ» የምትለዋን ቃል ሳሱን ቀየራት፤ ገና በሕይወት ያሉ፣ ሞታቸው ግን የተቆረጠ፣ የምትል ቃል ተካባት። ለዚህች አንዲት ቃል አማርኛ ፍለጋ ሦስት ቀን ተጨነቅሁ። «የተፈረደባቸው» ብል ወንጀለኛ መሰሉብኝ። «ለሞት የታጩ» ብል ሰርግ ሰርግ አለኝ። በመጨረሻ «ሟች» መጣችልኝ። ሟች የሞተውም ነው፣ ገና የሚሞተውም። እነሱ ሰርዘው የጻፉትን ሁለቱንም ቃል አማርኛ በአንድ አፍ ይለዋል። «የሟች ወጣቶች መዝሙር» አልኩት።

ግጥሙ በጥያቄ ይጀምራል፦ እንደ ከብት ለሚያልቁት ምን ደወል ይደወላል? የመድፉ ቁጣ ብቻ። የጠመንጃው ጥድፊያ ብቻ። ፍትሐታቸውም እሱ ነው፣ መዘምራናቸውም እሱ።

ይህን የጻፈው ፈሪ ነው የሚል እንዳይኖር፦ ኦወን ተሽሎት ወደ ግንባር ተመልሷል። በኦክቶበር 1918 መትረየስ ማርኮ ለሜዳይ በቅቷል። ፎክር ቢሉት የሚፎክርበት ነበረው። ኖቬምበር 4 ፈረንሳይ ውስጥ የሳምብር-ኦይዝን ቦይ ለመሻገር ሲዋጉ ተገደለ። 25 ዓመቱ ነበር። ጦርነቱ ሊያበቃ የቀረው አንድ ሳምንት።

ባለፈው እሁድ ትርጉሙን ለአባቴ አነበብኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሰማኝ። ስጨርስ፣

«እናት ነበረችው?» አለ።

ነገርኩት። የሞቱ ቴሌግራም ወላጆቹ ወደሚኖሩበት ሽሩስበሪ ከተማ የደረሰው ኖቬምበር 11፣ ለሰላሙ የከተማው ደወል ሁሉ ሲደወል ነው።

አባቴ ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳብ አደረገ። እኛ ሰፈር መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ፣ የሚደግፋት ሰው ከአጠገቧ ቆሞ። እሱ ራሱ ከግንባር በተመለሰ ሰሞን እንዲህ አድርጎ ሁለት እናት አርድቷል።

«ወረቀት?» አለ። «ሰው አልሄደም?»