ሳድሱ ያሳብቃል፦ በእጅ የተሠሩ ኮዶችን የመፍታት ልምምድ፣ ሦስተኛ ዙር

ያለፉት ሁለት ዙሮች በቆጠራ አለቁ። የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ ቆጥሮ መፍታት የዓረቡ ሊቅ አል ኪንዲ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ የጻፈው ዘዴ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። ችግሩ በእጃችን ያለው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን ነው። 231 ፊደል ላለው ጽሕፈት አንድ መስመር ምንም አይቆጠርበትም። በዚህ ጊዜ ከቆጠራው በፊት ዓምዱን ማየት ይሻላል። ረድፍ ስንል ከሀ እስከ ፐ ያሉትን 33ቱን፣ ዓምድ ስንል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን 7ቱን ነው።

ብዙ ሰው ኮድ ሲሠራ ረድፉን ብቻ ወደ ታች ይገፋል፤ ሀን ለ፣ ሁን ሉ ያደርጋል። ይህን ተመልከቱ፦

ጨሥኃዥ ከጰ ጸዣን ዠጠ ደጴ ግከባሥ።

ዓምዶቹን በቁጥር ጻፏቸው፦ 1-6-4-6፣ 1-1፣ 1-4-6፣ 1-1፣ 1-5፣ 6-1-4-6። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ 6-1-4-6 ደግሞ የ«ይመጣል»፣ የ«ይገባል»፣ የ«ይሰማል» ቅርጽ ነው። ስለዚህ ግ «ይ»፣ ሥ «ል» ይሁኑ ብለን እንያዝ። ከይ (23ኛ ረድፍ) እስከ ግ (26ኛ) 3 ነው፤ ከል (2ኛ) እስከ ሥ (5ኛ) ያለውም 3። ልዩነቶቹ ገጠሙ፤ ቁልፉ፣ ማለትም ረድፉ የተገፋበት ቁጥር፣ ተገኘ፦ «ጀልባው ነገ ጠዋት ወደ ዘጌ ይነሳል።» ባይገጥሙ ኖሮ ወይ ግምቱ ስቷል፣ ወይ ረድፎቹ ተበውዘዋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ሠን ከሰ ጋር የሚያምታታ ሰው ስሌቱ በ2 ረድፍ ይሳሳትበታል።

ረድፎቹን በዕጣ መበወዝ የቁልፉን ብዛት ከአእምሮ በላይ ያደርገዋል፤ ዓምዱ እስካልተነካ ድረስ ግን አጽሙ እዚያው አለ። ጽሑፉ ከባሕር ዳር የወጣ ከሆነ የቦታ ስሞችን ፈልጉ። «ባሕር ዳር» 4-6-6 እና 4-6 ነው፤ ለጽኑ መነሻ ይበቃል። «ጣና» 4-4 ስለሆነ ብቻውን አይታመንም። «ዓባይ» ግን ያሳስታል፦ በዓ ሲጻፍ 4-4-6፣ በአ ሲጻፍ 1-4-6። ሁለቱንም ሞክሩ።

ሌላው ቀዳዳ ዲቃላ ፊደል ነው። የ231 ሠንጠረዥ ኳን አይዝም፤ ስለዚህ ኮድ ሠሪው «ታንኳ» ሲደርስበት ኳን ሳይቆልፍ ያልፈዋል። 4-6-ኳ የሚል ቃል ያየ ፈቺ ታንና ንን በነጻ አገኘ። መፍትሔው ከመቆለፍ በፊት «ታንክዋ» ብሎ መጻፍ ነው።

231ዱንም አንድ ላይ መበወዝ ጠንካራ ነው፤ ረጅም ጽሑፍ እስኪገኝ ድረስ ፈቺውን ያለፋል። ሆኖም የቃል ክፍተትና አራት ነጥብ ካልተነሡ፣ ከ«።» በፊት ደጋግማ የምትመጣው ባለ ሁለት ፊደል ቃል «ነው» መሆኗን መገመት አይከብድም። ሁልጊዜ ክፍተቱን አጥፉ፤ ጽሑፉንም በአምስት በአምስት ፊደል ክፈሉት።

በቁልፍ ቃል የሚገፋው ኮድ፣ የቃሉ ፊደላት በየተራ የመግፊያውን መጠን የሚወስኑበት፣ አንዱን ፊደል በየቦታው በተለያየ መጠን ስለሚገፋ ተራ ቆጠራን ያከሽፋል። የፕራሻው የጦር መኮንን ካሲስኪ በ1863 ያሳተመው ዘዴ ግን ይደርስበታል። ሦስትና ከዚያ በላይ ፊደል ሆነው የተደገሙትን ፈልጉ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ቁጠሩ። 20፣ 35፣ 50 ከመጣ፣ ሦስቱም ለ5 ስለሚካፈሉ፣ የቁልፉ ርዝመት 5 መሆኑ አይቀርም። የሁለት ፊደል ድግግሞሽ በአጋጣሚም ስለሚመጣ አትቁጠሩት። ክፍተትንም በርቀቱ ውስጥ አታስገቡ፤ ቁልፉ በክፍተት ላይ አይራመድምና። «ባሕርዳር» የሚል ቁልፍ ደግሞ ር ስለተደገመበት 3ኛውና 5ኛው ቦታ እኩል ይገፋሉ፤ የሁለቱ ቦታ ፊደላት አንድ ላይ ይቆጠራሉ፣ ሥራውም ያጥራል።

የማይፈታው አንድ ብቻ ነው፦ እንደ መልእክቱ የረዘመ፣ በዕጣ የወጣ፣ አንዴ ብቻ የሚሠራበት ቁልፍ። አንድ ኩባያ ውስጥ ከ1 እስከ 33፣ ሌላው ውስጥ ከ1 እስከ 7 የተጻፈባቸው ቁራጮች ይጨመራሉ። ለእያንዳንዱ ፊደል ከሁለቱም አንድ አንድ አውጥቶ መዝግቦ፣ መልሶ ጨምሮ፣ መነቅነቅ። ረድፉ በመጀመሪያው፣ ዓምዱ በሁለተኛው ቁጥር ይገፋል። ቁራጩ ሳይመለስ ከቀረ የወጣው ቁጥር እስከ ዙሩ መጨረሻ አይደገምም፤ ይህ ራሱ ለፈቺ ፍንጭ ነው። አንዱ ወረቀት ለሁለት መልእክት ከዋለ ደግሞ፣ አንዱን ከሌላው ሲቀንሱት ቁልፉ ይጠፋና ሁለት ግልጽ ጽሑፎች ተደራርበው ይቀራሉ።

ለመልመጃ፣ ረድፉ ብቻ የተገፋ፣ ከፐ በኋላ ወደ ሀ የሚዞር፦

ፋዋ ሳጭ ወማች ጭኘጋስ።