የእኩል አራሹ ልጅ ከተማ፦ ሜምፊስ

አሜሪካ ቴነሲ ውስጥ ያለችው ሜምፊስ ደርሶ የመጣን ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ኤልቪስ ቤት ነው። እኔ ግን ከናሽቪል መኪና አስነስቼ የወጣሁት ለሶል ዘፋኙና ለዜማ ደራሲው ለአይዛክ ሄይስ ስል ነው። ያሳደረኝ ጓደኛዬ «አንድ የፈረሰ ስቱዲዮ ለማየት ሦስት ሰዓት ትነዳለህ?» እያለ ሲስቅብኝ ነበር። መፍረሱስ እውነት ነው። ሄይስ የሠራለት፣ ስታክስ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ይሠራበት የነበረው ሕንፃ በ1989 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፈርሷል፤ አሁን በቦታው ያለው በ2003 የተከፈተ ሙዚየም ነው።

ወደ ሜምፊስ ሲጠጉ የጥጥ ማሳ ይጀምራል። ጥጡ ፈንድቶ ለለቀማ ደርሷል፤ ዛሬ የሚለቅመው ግን ማሽን ነው። ሄይስ በ1942 ከሜምፊስ በስተሰሜን ባለችው ኮቪንግተን ሲወለድ የሚለቅመው የሰው እጅ ነበር። እናቱ በሕፃንነቱ ሞተች፣ አባቱ ጥሎት ሄደ፤ ያሳደጉት የእናቱ ወላጆች የእኩል አራሾች ነበሩ። ልጁም ጥጥ ለቅሟል። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰው በ21 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በኋላም ቀን ሥጋ ማሸጊያ ፋብሪካ እየሠራ ማታ ማታ በየክለቡ ይጫወት ነበር።

ማክሌሞር ጎዳና ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ስታክስ እዚህ የተተከለው ካፒቶል የሚባል ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበር። ባንክ ይሠራ የነበረው ጂም ስቱዋርት ከእህቱ ከኤስቴል አክስተን ጋር ሆኖ ሲኒማ ቤቱን ስቱዲዮ አደረገው፤ እሷ ደግሞ በዚያው ሕንፃ በፊተኛው በኩል ሸክላ መሸጫ ከፈተች። ወንበሮቹ ተነቅለው ቢወጡም ወለሉ እንደ ሲኒማ ቤት ዘቅዛቃ እንደሆነ ቀረ። ለስታክስ ድምፅ ልዩ ቃና የሰጠው ይኸው ወለል ነው ይባላል። ሙዚየሙን የሠሩት ሰዎችም ስቱዲዮውን ከነዝቅዝቃቱ ነው መልሰው ያነጹት።

ገና እንደገቡ የሚያገኙት ግን ስቱዲዮውን አይደለም፤ ከሚሲሲፒ ገጠር ተነቅላ መጥታ እዚህ የተተከለች የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ናት። በእኛ አገር ከመዝሙር ወደ ዘፈን የተሻገረ ሰው ስንት ይባላል! እዚያም ቢሆን ሐሜቱ አልቀረም፤ ሶል የሚባለው ሙዚቃ ግን ያለዚያ መሻገር ባልተወለደ ነበር።

ሄይስ ስታክስ የገባው በተተኪ ኪቦርድ ተጫዋችነት ነው፤ ዋናው ቡከር ቲ ጆንስ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ይማር ነበርና። ዴቪድ ፖርተር ደግሞ ከስቱዲዮው ፊት ለፊት የነበረ የምግብ ሸቀጥ መደብር ውስጥ ይሠራ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ተጣምረው ወደ 200 የሚጠጉ ዘፈኖች ጻፉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሄይስ ዜማውን፣ ፖርተር ግጥሙን። አንድ ቀን ፖርተር ሽንት ቤት ገብቶ ይቆያል። ሄይስ «ቶሎ በል እንጂ!» ብሎ ይጮህበታል። ፖርተር ከውስጥ ሆኖ የሰጠው መልስ ሳም እና ዴቭ የሚባሉት ሁለት ዘፋኞች የዘፈኑት የ1966ቱ «ሆልድ ኦን፣ አይም ከሚን» («ቆይ፣ እየመጣሁ ነው») ሆኖ ወጣ።

ለሳም እና ዴቭ የጻፉት ሌላው ዘፈን፣ «ሶል ማን»፣ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። በ1967 ዲትሮይት በረብሻ ስትቃጠል፣ ጥቁሮች ሱቃቸው እንዲታለፍላቸው በሩ ላይ «ሶል» ብለው ይጽፉ ነበር። ሄይስ ይህን በቴሌቪዥን ሲያይ ትዝ ያለው የኦሪት ዘጸአቱ በመቃን ላይ የተቀባ ደም ነው። ከዚያ ዜና ተነስቶ የተሠራ ዘፈን ሰዉን ሁሉ ማስጨፈሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። (አዲስ አበባም በዚያው ዘመን ሶል ኤኮስ የሚባል ባንድ ነበራት፤ ነገሩ ሩቅ አልነበረም።)

ሙዚየሙ ውስጥ ጎብኚ የሚሰበሰበው ግን የሄይስ ካዲላክ መኪና ጋ ነው። ሰማያዊ ነው፤ ጌጡ ወርቅ፣ ምንጣፉ ነጭ ፀጉር፣ ውስጡ ቴሌቪዥን አለው፤ በመድረክ ላይ ቀስ እያለ ይዞራል። በ1972፣ ማለትም ሄይስ «ሻፍት» ለተባለው ፊልም በሠራው ዜማ ኦስካር በወሰደበት ዓመት፣ ስታክስ ውሉን ሲያድስ የሰጠው ነው። ሰዉ ፎቶ ይነሳል፤ እኔን የያዘኝ ግን የኋላው ታሪክ ነው። ስታክስ በ1975 ማብቂያ ከሰረ፣ በዓመቱ ሄይስም ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ተከተለው። ከመኪናውም ይልቅ የባሰው፣ ከጻፋቸው፣ ከዘፈናቸውና ፕሮዲውስ ካደረጋቸው ሥራዎች ወደፊት ሊያገኝ የሚገባውን ክፍያ ማጣቱ ነው። ሙዚየሙ የመኪናውን ያህል ቦታ ለዚህ ቢሰጥ ደስ ባለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሎሬይን ሞቴል ሄድኩ፤ አሁን የዜጎች መብት ሙዚየም ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በሚያዝያ 1968 የተገደሉት በረንዳው ላይ ነው። ይህ ሞቴል የስታክስ ሰዎች፣ ጥቁሩም ነጩም፣ አብረው የሚበሉበትና ዘፈን የሚጽፉበት ቤት ነበር። ከግድያው በኋላ ሄይስ በንዴትና በምሬት አንድ ዓመት ያህል መጻፍ አቃተው። ስታክስም ቢሆን ዘፋኙን ኦቲስ ሬዲንግን በአውሮፕላን አደጋ፣ የቀድሞ ሸክላዎቹን መብት ደግሞ ሸክላውን ያከፋፍልለት ለነበረው ለአትላንቲክ ኩባንያ ካጣ ብዙም አልቆየም። ድርጅቱ በ1969 ባዶ የቀረውን የሸክላ ክምችቱን ለመሙላት 27 አልበም ባንድ ጊዜ እንዲሠራ ሲያዝ፣ ሄይስ እንደልቤ ካልሠራሁ አልሠራም አለ። ያወጣውም «ሆት በተርድ ሶል» የሚባል አራት ዘፈን ብቻ ያለበት አልበም ነው፤ አንዱ ከ18 ደቂቃ ያልፋል፣ ግማሹ ያህል ወሬ ነው። በሦስት ደቂቃ ዘፈን የሚኖረው ሬዲዮ ምን ያድርገው? ሰዉ ግን ገዛው፤ ከ27ቱ ሁሉ የበለጠው እሱ ሆነ።

ወደ ናሽቪል ስመለስ ያንን አልበም ከፈትኩ። መንገድ ላይ ያለችው ብራውንስቪል ሳልደርስ አለቀብኝና ደገምኩት።