ልጄ ለዚህ መጽሐፍ ደርሳለች?

ይህን ጥያቄ ብዙ ወላጅ የሚመልሰው ዓመት ቆጥሮ ነው። 12 ሞላት? እንግዲያው ይሁንላት። እኔን ግን ዕድሜ ብቻውን ብዙም አይነግረኝም። ትልቋ ልጄ ስለ ጦርነት የተጻፈ ልቦለድ ረጋ ብላ ታነባለች፤ ውሻ የሚሞትበት ታሪክ ከገጠማት ግን እንቅልፍ የለም። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ጭራቁም ደሙም ምንም አይመስለውም። እናትና አባት የሚጣሉበት ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ግን መጽሐፉን ይዘጋና ሳሎን ወስዶ ከሌሎቹ ሥር ይሸጉጠዋል። እሱ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ እንዲያድር አይፈልግም። ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፣ የሚከብዳቸው ነገር ግን ለየቅል ነው።

የማንበብ ችሎታም ያሳስታል። ሌክሳይል የሚባለው የንባብ መለኪያ የሚያየው የዓረፍተ ነገሩን ርዝመትና ቃላቱ ምን ያህል የተለመዱ እንደሆኑ ነው፤ ታሪኩ ስለ ምን እንደሆነ አይመለከተውም። በአጫጭር ዓረፍተ ነገርና በቀላል ቃል ተጽፎ ውስጡ መደፈርና ሰቆቃ ያለበት መጽሐፍ አለ። ስለዚህ አስተማሪ «ልጅሽ ከክፍሏ በላይ ታነባለች» ሲለኝ ደስ ይለኛል፣ ግን ከዚያ ተነስቼ መደርደሪያውን ሁሉ አልከፍትላትም።

እኛ አዋቂዎች «ይሄ ለልጅ አይሆንም» የምንልበት መንገድም ቢሆን ሊመረመር ይገባል። የግሪም ወንድማማቾች የሚባሉት ጀርመናዊ ተረት ሰብሳቢዎች ተረቶቻቸውን እ.ኤ.አ. በ1812 መጀመሪያ ሲያሳትሙ፣ ራፑንዘል ግንብ ላይ የዘጋችባትን አሳዳጊዋን «ልብሴ ለምን ጠበበኝ?» ብላ ትጠይቃት ነበር። አርግዛ ነው። ለልጆች አይሆንም የሚል ወቀሳ መጣና ከኋላኞቹ እትሞች ያ ጥያቄ ወጣ። ጭካኔው ግን አልወጣም። እንዲያውም ርግቦች የሲንደሬላን እህቶች ዓይን የሚያጠፉበት ክፍል የተጨመረው በ1819ኙ እትም ነው። እርግዝናው ወጥቶ ዓይን ማጥፋቱ ገባ! ዛሬም ብዙ ቤት እንደዚያው ነው፤ ስንት ሰው የሚታረድበትን መጽሐፍ ዝም ብለን እንሰጥና መሳሳም ያለበት ገጽ ላይ እንደነግጣለን። የምንፈራው ለልጁ ነው ወይስ ጥያቄው ወደ እኛ እንዳይመጣ?

እኔ መጀመሪያ ራሴ አነበዋለሁ። ነውር ቃል ለመልቀም አይደለም። የተጎዳው ሰው ሕመም ይሰማል ወይስ ጉዳቱ ለመዝናኛ ነው የቀረበው? ደራሲው ጭካኔው ላይ እየተደሰተ ይቆያል ወይስ አሳይቶ ያልፋል? ከባድ ጉዳይ በጥንቃቄ የተጻፈበትን መጽሐፍ፣ ቀላል መስሎ ሰውን ከሚያዋርድ መጽሐፍ አስቀድሜ እሰጣለሁ።

ከዚያ ልጁን አያለሁ። ሲከብደው መዝጋት ይችላል? መጥቶ ይጠይቀኛል? ልጄ አጎቷ የሚያስነውራት ልጅ ያለችበትን ልቦለድ ስታነብ መሀል ላይ ጣቷን እንዳስገባች መጣችና «እማዬ፣ ለምን ለማንም አልተናገረችም?» አለችኝ። ማንም አያምንሽም ብሎ አስፈራርቷት ነው አልኳት። ትንሽ ቆየችና «አንቺ ግን ታምኚኛለሽ አይደል?» አለች። አምንሻለሁ፣ ማንም ይሁን ማን፣ አልኳት። ሄዳ ማንበቧን ቀጠለች። ያን መጽሐፍ ልቀማት አስቤ እንደነበር ሳስታውስ፣ ያ ንግግር በሌላ በምን አጋጣሚ ይመጣ ነበር እላለሁ።

ራሱን ስለሚያጠፋ ሰው የሚተርክ መጽሐፍ ላይ ግን ጠበቅ እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ጋዜጠኞች እንዲህ ያለ ዜና ሲጽፉ ዘዴውን በዝርዝር እንዳይገልጹ ይመክራል፣ እኔም ለልቦለዱ ያንኑ መስፈርት እወስዳለሁ። ልጁ ከከፋውና ከሰው ከራቀ ደግሞ መጽሐፉ ይቆያል፣ የሚቀድመው እሱን ማነጋገር ነው።

ስከለክልም ደብቄ አላውቅም። የተደበቀ መጽሐፍ ጓደኛ ስልክ ላይ ይገኛል። «አሁን አይሆንም፣ ምክንያቱ ይሄ ነው፣ ክረምት ላይ እንደገና እናየዋለን» እላለሁ፤ ክረምት ሲመጣ እሷ ባታነሳውም እኔ አነሳዋለሁ፣ አለበለዚያ ቃሌን ማን ያምናል። አንዳንዱን ደግሞ አብረን እናነባለን፣ እኔ አንድ ምዕራፍ ቀድሜያት።

ልጄ መጽሐፍ ለጓደኛዋ ላውሳት ስትል መጀመሪያ ለጓደኛዋ እናት እደውላለሁ። ለእኔ ልጅ ስለሆነ ለሌላው ይሆናል ማለት አይደለም። በቅርቡ ሰው ሞቶባቸው ወይም ቤተሰቡ እየተለያየ ሊሆን ይችላል፣ ያንን የምታውቀው እናትየዋ ናት።