ነጭ መስመር ያለው ጥቁር ሽቦ

ግንቦት ላይ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ የአገሬ ሰው ጎ ካርት በተጎታች ጭኖ ጋራዡ በር ላይ ቆመ። አሸዋና ኮረብታ ላይ የሚነዳው ዓይነት ነው። ባለ ሁለት መቀመጫ፣ ዙሪያው በቱቦ ብረት የታጠረ፣ ጎማው ጥርሳም። ለ16 ዓመት ልጁ ከሰው ላይ አሮጌ ገዝቶለት ነው።

«ወንድሜ፣ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። ባለፈው ሳምንት እኮ ምንም አልነበረውም» አለኝ።

የምሠራው ኮሎራዶ ውስጥ ነው፤ ከዴንቨር አጠገብ፣ ኦሮራ። እዚህ ሐበሻው ብዙ ነው። የጋራዡ ባለቤት ጋሼ በዚያ ሰሞን ለእህቱ ልቅሶ አገር ቤት ሄዷል። ቁልፉን ለእኔ ነው የሰጠኝ። ከዚህ በፊት ሐዋሳ ስድስት ዓመት ባጃጅ ጠግኛለሁ። ትንሽ ሞተር አይከብደኝም ብዬ ነበር።

ካንዴላውን ፈትቼ ብረት ላይ አስደግፌ ሞተሪኖውን አዞርኩ። እሳት የለም። ባጃጅ ላይ እሳት ሲጠፋ እጄ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ሲዲአይ ነበር፤ እሳቱን ወደሚቆጣጠረው ትንሽ ሳጥን። እዚህም እንደዚያው አደረግሁ። ቴስተር መሳቢያው ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም።

ዕቃ ፍለጋው ከዚያ ተጀመረ። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ስም ግማሹ ተልጧል። የቀረውን አንብቤ ያስመጣውን ድርጅት ስልክ አገኘሁና ደወልኩ። ስልኩ ተቋርጧል። እንዲህ ያሉ ከቻይና የሚመጡ ጎ ካርቶች ላይ ይህ የተለመደ ነው። አንዱ ፋብሪካ የሚሠራውን ዕቃ አምስት አስመጪ አምስት ስም ይለጥፍበታል። አስመጪው ሲዘጋ ስሙም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ፎቶ እያየሁ መረጥኩ። ባለ ስድስት እግር ሲዲአይ፤ ሶኬቱ ያው ነው። አዘዝኩ።

መጣ። ሰካሁት። እሳት የለም።

ለካ ሲዲአይ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከባትሪው 12 ቮልት ይቀበላል። ሁለተኛው ከባትሪ ጋር ጉዳይ የለውም። ማግኔት ያለበት ክብ ብረት፣ ቮላኖው፣ ሲዞር ከውስጡ ባለው ስቴተር ላይ ያለች አንዲት ጥቅል ሽቦ የምታመነጨውን ተለዋዋጭ ከረንት ይጠቀማል። ሶኬታቸው ሊመሳሰል ይችላል፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። የእኛው ጎ ካርት ባለ ስቴተሩ ነበር፤ እኔ የገዛሁት ባለ ባትሪውን። ቁልፉን ከፍቼ ሶኬቱ ላይ ቴስተር ባሳርፍ 12 ቮልት እንደሌለ በግማሽ ደቂቃ አውቅ ነበር።

ትክክለኛውን አዝዤ ቀየርኩ። አሁንም የለም። ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ቦቢናውን ቀየርኩ። የለም። እንግዲያው ስቴተሩ ነው አልኩና የማራገቢያውን ሽፋን ፈትቼ ቮላኖውን በመንቀያ አወጣሁ። አዲሱ ስቴተር ሲመጣ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አሮጌው ስምንት ጥቅል አለው፣ አዲሱ 11። ባለ 11ዱ የሚሠራው ከራሱ ቮላኖ ጋር ነው። እንደገና መመለስ፣ እንደገና መጠበቅ።

ስድስት ሳምንት አለፈ። የልጁ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ቆይቷል። አባትየው በየሳምንቱ ይደውላል፣ አንድም ቀን አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ እንዴት ሆነልህ?» ብቻ ነው የሚለኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። በእሱ ስም ከ100 ዶላር በላይ ዕቃ አዝዣለሁ፣ እጄ ላይ ግን አንድም መልስ የለም።

ጋሼ ሰኞ ዕለት ተመለሰ። ለቅሶ ደረስኩት፣ ቡና ጠጣን፣ ከዚያ ጎ ካርቱ ጋ ወሰድኩትና የቀየርኩትን ሁሉ በተርታ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ምን ምን ለካህ፣ ልጄ?»

መልስ አልነበረኝም። የቀየርኩትን እንጂ የለካሁትን መቁጠር አልችልም።

ከሲዲአዩ ከሚወጡት ሽቦዎች ነጭ መስመር ያላትን ጥቁር ሽቦ እንድነቅል ነገረኝ። ነቀልኩ። «አሁን አዙረው» አለኝ። አዞርኩት። ካንዴላው ላይ ሰማያዊ እሳት ጠቅ ጠቅ ጠቅ አለ። ደስታም እፍረትም አንድ ላይ መጣብኝ። ካንዴላውን መልሰን አሰርን። ሞተሩ ተነሳ።

የጎ ካርቱ ባለቤት ከሥራ ሲመለስ ጎራ ብሎ ነበር፣ ድምፁን ሰምቶ ሮጦ ገባ። «ተነሳ! በቃ ጋሼ፣ እንዲሁ ይሁንና ልውሰደው። ልጁ ቤት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል» አለ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። ስድስት ሳምንት ያሳፈረኝ ነገር ከዓይኔ እንዲርቅልኝ።

ጋሼ ቁልፉን ዘጋው። ሞተሩ አልጠፋም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ቀይ ቁልፍ ተጫነው። አልጠፋም። ከኋላ ያለውን የአደጋ ገመድ ሳበው። አልጠፋም። መጨረሻ ላይ የካንዴላውን ኮፍያ በደረቅ ጨርቅና በእንጨት እጀታ ነቅሎ አጠፋው። «እንደ እኔ አታድርጉ፣ ከረንቱ ይመታል» አለ። ከዚያ ወደ አባትየው ዞረ።

«ልጅህ ቁልቁለት ላይ እያለ የነዳጁ ፔዳል ቢያዝበት በምን ያጠፋዋል?»

ሰውየው ምንም አላለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። እንዲህ ያለ ሞተር የራሱን ከረንት ራሱ ያመነጫል። ባትሪውን ብትነቅለው እንኳ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። የሚጠፋው ያቺ ጥቁር ሽቦ ከማሳ፣ ማለትም ከሞተሩና ከሻንሲው ብረት፣ ጋር ስትነካካ ነው። ቁልፉም፣ ቀዩ ቁልፍም፣ ገመዱም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሽቦዋን ማሳ ያደርጓታል። የእኛው ሞተር ያልተነሳው ሽቦዋ የሆነ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ማሳ ስለነካች ነው። ነቅለን ብንሰጠው ሞተሩ ይነሳል፤ ልጁ ግን ማጥፊያ በሌለው ጎ ካርት ላይ ይቀመጣል። የኢንተርኔት ቪዲዮዎች ላይ «ይህችን ሽቦ ንቀላትና ችግርህ አለቀ» የሚል ምክር ሳይ አሁን ያናድደኛል። ሽቦዋን መንቀል ምርመራ ነው። ጥገና አይደለም።

ቴስተሩን አወጣን። በድምፅ በሚጮኸው መለኪያ አንዱን እግር ሽቦዋ ላይ፣ ሌላውን ሻንሲው ላይ አደረግን። ይጮኻል። የቁልፉን ሶኬት ፈታን፤ ይጮኻል። ቀዩን ቁልፍ ነቀልን፤ ይጮኻል። የገመዱንም ነቀልን፤ አሁንም ይጮኻል። ማብሪያ ማጥፊያዎቹ ንጹሕ ናቸው ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው ራሷ ሽቦዋ ላይ ነው።

ጋሼ ክሪኩን ከኋላ አስገብቶ ጎ ካርቱን ቀስ እያለ አነሳው። ጎማዎቹ ከመሬት ሲለቁ ድምፁ ተቋረጠ። መልሶ አወረደው፤ ጮኸ። ሁለታችንም ወንበሩ ስር ተኛን። ሽቦዎቹን አንድ ላይ ያሰረው ፕላስቲክ ተበጥሶ፣ ሽቦዎቹ በኋለኛው የሚወዛወዝ እጅና (ጎማውን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች በሚለው ብረት) በሻንሲው መሃል ገብተዋል። የጥቁሯ ሽቦ ልባስ ተፍቆ መዳቡ ያበራል። ክብደት ሲያርፍበት ብረቱ ይጫናታል፣ ሲነሳ ይለቃታል። ለስድስት ሳምንት እዚያ ነበረች።

የተጎዳውን ክፍል ቆርጬ በአዲስ ሽቦ ተካሁ፣ በሊድ በየድኩ፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አለበስኩት። ናስትሮ ብቻ ጠቅልለህ እንዳትተወው አለኝ ጋሼ፤ ጭቃና ንዝረት ባለበት ቦታ ናስትሮ አይቆይም። ሽቦዎቹን በሙሉ ከሚወዛወዘው ብረት አርቀን ከላይ በኩል አሰርናቸው።

ግን የሚወዛወዘው እጅ ለምን ወደ ጎን ሄዶ ሽቦዎቹን ያዘ? ማዕከሉ ላይ ያለው ቡሽ (ዘንጉ የሚያልፍበት ቱቦ መሰል ዕቃ) ስላለቀ ነው። አጠገቡ ያለው የአክስል ኩሽኔታም ይንኳኳል። እንደገና ዕቃ ፍለጋ ሊሆን ነው ብዬ ሆዴ ባባ።

ጋሼ ግን «ሶማሌ ተራ ስትሄድ ምን ይዘህ ነበር የምትሄደው?» አለኝ።

ናሙና ነዋ። መርካቶ ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ የመኪናውን ስም ብቻ ጠርተህ አትመለስም። ቅባት የነካውን አሮጌ ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልለህ ይዘህ ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣለህ። ሻጩ ያገላብጠዋል፣ ከአዲሱ ጋር ያስተያያል። አሜሪካ መጥቼ ፎቶ አይቼ ማዘዝ ስለለመድኩ ይህንን ረስቼው ነበር።

ኩሽኔታውን ጠርገን ጠርዙን አየን፤ 6205 ይላል። ይህ ቁጥር ዓለም ላይ አንድ ነው። የውስጥ ቀዳዳው 25 ሚሊሜትር፣ የውጪው 52፣ ውፍረቱ 15። የጎ ካርቱን ስም ማንም መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ሰፈራችን ካለ የኩሽኔታ ሱቅ በዚያው ቀን አመጣሁት። ቡሹ ቁጥር የለውም። በካሊፐር ውስጡን፣ ውጪውንና ርዝመቱን ለክተን ቶርኖ ቤት ወሰድነው፤ ከነሐስ ቀርጸው ሰጡን።

ሞተሩም ስም አለው፣ ተለጣፊው ላይ ያለው ግን አይደለም። ከታች ካርተሩ ላይ ተቀርጿል፦ 157ኪውኤምጄ። 1 ባለ አንድ ሲሊንደር ማለት ነው፣ 57 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር፣ ኪው በማራገቢያ የሚቀዘቅዝ፣ ኤም የሞተር ሳይክል፣ ጄ ደግሞ የ150 ሲሲ መደብ። ሰው ጂዋይ6 የሚለው የሞተር ቤተሰብ ነው፤ በየአገሩ ስኩተሮች ላይ ሞልቷል። ስለዚህ የሞተሩ ዕቃ የስኩተር ዕቃ ነው። ቺንጋውን ስናወጣ ጀርባው ላይ 842-20-30 ይላል፤ ርዝመቱ 842 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 20፣ የጎኑ ማዕዘን 30 ዲግሪ። 743 የሚባል አጭርም አለ፤ በፎቶ ማንም አይለያቸውም። በእንዲህ ያለ ቁጥር የማይገኘው የሻንሲው ዕቃ ነው፤ የፊት እጆቹ፣ አክስሉ፣ የመሪው ዘንግ። እነዚህን መለካት ወይም ማሠራት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ሞተሩ ሲሠራ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላውም ጠቁሯል። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ካርቡሬተሩ ግን ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ ነው የመጣው፣ ቤንዚን ይበዛበታል። ቤንዚን በትንሽ ቀዳዳው የሚያሳልፈውን ጂግለር በአንድ ቁጥር ባነሰ ቀየርነው። ጭሱ ጠፋ።

በስህተት ያዘዝኳቸውን ዕቃዎች ከሂሳቡ ላይ እኔው ሰረዝኩ። አባትየው «ተው እንጂ ወንድሜ፣ ደክመህበታል» ቢለኝም አልተቀበልኩም። ጋሼም አልከለከለኝም።

ቅዳሜ አባትና ልጅ አብረው መጡ። ልጁ ዘሎ ወንበሩ ላይ ወጣ። ጋሼ ቀበቶውን አሰረለትና የራስ ቁሩን አስተካከለለት፣ ሞተሩን አስነሳው። ከዚያ ሂድ አላለውም።

«አሁን አጥፋው» አለው።

ልጁ ቁልፉን ዘጋ። ጠፋ። አስነሳ። «በቀዩ።» ጠፋ። አስነሳ። «አባትህ ደግሞ ከኋላ ገመዱን ይሳብ።» አባትየው ሳበ። ጠፋ። ጋራዡ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ አባትየው ገመዱን እንደያዘ ልጁን አየውና «እስቲ አንዴ ድገመው» አለው።