ለሯጩ ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ሯጭ ነበር። የ1500 ሜትር ሯጭ። ጎህ ሳይቀድ ለልምምድ ሲወጣ፣ ላቡ ጀርባው ላይ ደርቆ ሲመለስ እያየሁ ነው ያደግኩት። ስፖርት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ከእሱ ነው። ስለዚህ እሱ «ይሄ ስፖርት አይደለም» ሲለኝ፣ እንደማንኛውም ሰው አስተያየት ሰምቼ ላልፈው አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስድስት ዓመት ቦውሊንግ ስጫወት «ና እስቲ አንድ ቀን እየኝ» ስለው ኖሬያለሁ። ባለፈው ወር እሺ ብሎ መጣ። ጫማ ተከራየ። ከመደርደሪያው እጁ ያረፈባትን ኳስ አነሳ። ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዶ ለቀቃት። ኳሷ ቀጥ ብላ ተንከባለለች፤ ጫፍ ላይ እንደ ጠርሙስ የቆሙት አስሩም ፒኖች ወደቁ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ውርወራ ስትራይክ!

ዞሮ አየኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። «ስድስት ዓመት የለፋሽው ለዚህ ነው? እህቴ፣ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሚችለው ነገር እንዴት ስፖርት ይባላል? ላብ እንኳን የለውም እኮ።»

ያን ዕለት መልስ አጣሁ። ተራዬ ደርሶ ስለነበር ኳሴን አንስቼ ሄድኩ። ግን ነገሩ ሌሊቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ያኔ ልለው የሚገባኝን አሁን ልጻፈው።

መጀመሪያ እሱ ልክ የሆነበትን ልመን። ቦውሊንግ ልብን እንደ ሩጫ አያስመታም። ወርውረህ ትቀመጣለህ። ሆዱ የገፋ ሰው ሸንቃጣውን ሊያሸንፍ ይችላል፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ቀን ስትራይክ ማግኘትም ይቻላል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው።

በላብ መለካቱን ግን አልቀበልም። ቀስተኛው ቆሞ ነው የሚወዳደረው። ኢላማ ተኳሹ ትንፋሹን ይዞ፣ ልቡን አረጋግቶ ነው የሚተኩሰው። እነሱን ስፖርተኛ አይደላችሁም የሚላቸው የለም። አሎሎ ወርዋሪን እንውሰድ። ወንዶቹ የሚወረውሩት አሎሎ 7.26 ኪሎ ነው። በቦውሊንግ የሚፈቀደው ትልቁ ኳስ ክብደትም ያው 7.26 ኪሎ ነው። አሎሎ ወርዋሪው በአንድ ውድድር ቢበዛ ስድስት ጊዜ ይወረውራል። እኛ በአንድ ምሽት ሦስት ጨዋታ ስንጫወት ሃምሳ ጊዜ ያህል እንወረውራለን። የእኔ ኳስ 6.35 ኪሎ ነው። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ማባዛት ይቀናኛል፦ ከ300 ኪሎ በላይ፣ በአንድ እጅ፣ ያውም በሦስት ጣት ተይዞ። አሎሎው እንደ ቦውሊንግ ኳስ አይደለም፣ የሚገፋው ሩቅ ነው፣ ኃይሉ ሌላ ነው። አውቃለሁ። ግን ቀላል ነገር አይደለም የያዝነው።

ባለፈው ዓመት የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ጅማት አበጠ። ሰባት ሳምንት ኳስ አልነካሁም። ቾክ ስይዝ እንኳን ያመኝ ነበር፤ በግራ እጄ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ተማሪዎቼ አንገታቸውን አጣመው ለማንበብ ይሞክሩ ነበር። የግራ ጉልበቴም ቢሆን ዝም ብሎ አያድርም። አምስት እርምጃ ሄደህ በመጨረሻው ላይ በግራ እግርህ ትንሸራተታለህ። መላው ሰውነትህና ኳሷ ያረፉት በዚያች በታጠፈች ጉልበት ላይ ነው። አውራ ጣት ቀድሞ ይወጣል፤ ሁለቱ ጣቶች ዘግይተው ኳሷን ያሽከረክሯታል። በአውራ ጣትና በሁለቱ መካከል ያለችው ቅጽበት ናት ሁሉን የምትወስነው። የመወርወሪያውን መስመር በእግርህ ከነካህ ደግሞ የጣልከው ፒን ሁሉ ዜሮ ነው።

እሺ፣ የወንድሜ ስትራይክ ግን? እሱም ስትራይክ ነው፤ አስር ፒን አስር ፒን ነው። ግን እንዴት እንደወደቁ ስታውቅ ነገሩ ይለያል። ከመወርወሪያው መስመር እስከ መጀመሪያው ፒን 18.29 ሜትር ነው። የመጫወቻው ስፋት አንድ ሜትር ከአምስት ሴንቲ ብቻ። ግራና ቀኝ ቦይ አለ። ፒኖቹ በሦስት ማዕዘን ተደርድረው ከፊተኛው ጀምሮ ከአንድ እስከ አስር ይቆጠራሉ። ኳሷ የፊተኛውን ፒን ፊት ለፊት ከገጨችው፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ፒኖች ተራርቀው ይቀራሉ፤ ስፕሊት እንለዋለን። ትክክለኛው ቦታ ከፊተኛው ፒን ጎን ያለው ክፍተት ነው። በቀኝ እጁ ለሚጫወት ሰው በአንደኛውና በሦስተኛው ፒን መካከል። ፖኬት ይባላል። እዚያም ቀጥ ብለህ ሳይሆን ወደ ስድስት ዲግሪ ታጥፈህ ብትገባ ነው የሚመረጠው።

እኔን በዚህ ጨዋታ ያሳበደኝ ይሄ ነው። ኳሷ በትክክል ስትገባ የምትነካው አራት ፒን ብቻ ነው፦ አንደኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ዘጠነኛውን። የቀሩት ስድስቱ እርስ በርስ ይጣጣላሉ። አንደኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው አራተኛውን፣ አራተኛው ሰባተኛውን። ክፍል ውስጥ ስለ ማዕዘን ሳስተምር አስር ነጥብ በሦስት ማዕዘን ደርድሬ ይህን አሳያቸዋለሁ። ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ልጆች ሳይቀሩ ቀና ይላሉ።

ወንድሜ ያን ስትራይክ በቀረው ምሽት አልደገመውም። ይህን የምጽፈው ልወቅሰው አይደለም። ሙሉ ነጥብ፣ ማለትም 300፣ ለማምጣት አስራ ሁለት ስትራይክ በተከታታይ ያስፈልጋል። አንዱን ማንም ያገኘዋል። እኔ በስድስት ዓመት ውስጥ በተከታታይ ያገኘሁት ብዙው ሰባት ነው፤ ስምንተኛውን ልወረውር ስቆም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አሁን እሱ ያላየውን ልንገራችሁ። ማንም አያየውም። መጫወቻው ላይ ዘይት አለ።

ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አንድ ማሽን ቀስ እያለ ወለሉን ዘይት ይቀባዋል። በጣም ስስ ስለሆነ ከሩቅ አይለይም። ብዙውን ጊዜ 12 ሜትር አካባቢ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ደረቅ ነው። ኳሷ ዘይቱ ላይ እየተሽከረከረች ትንሸራተታለች፤ ደረቁ ጋ ስትደርስ ወለሉን ትቆነጥጥና ትታጠፋለች። መቼ እንደምትታጠፍ የሚወስነው ዘይቱ ነው። ዘይቱ ደግሞ ባለበት አይቆይም። ያለፈች ኳስ ሁሉ ትንሽ ይዛ ትሄዳለች፣ ትንሹን ወደ ፊት ትገፋዋለች። የእኔ ኳስ ብቻ አይደለችም፤ አብረውኝ የሚጫወቱት ሰዎች ኳስም ጭምር። ስለዚህ በመጀመሪያው ጨዋታ ስትራይክ የሰጠኝ መንገድ በሦስተኛው ይከዳኛል። እጄ ምንም ሳያጠፋ።

ወንድሜ ሆይ፣ የምትሮጥበት መም በየዙሩ ቢቀያየርብህ አስብ። ቀለሙ ያው ነው፣ ርዝመቱ ያው ነው፣ ግን አንዱ ጥግ ከበፊቱ ይልቅ ያንሸራትታል፤ የትኛው እንደሆነ የሚነግርህ የለም። እግርህን ካሳረፍክ በኋላ ነው የምታውቀው። እኛ የምናውቀው ከኳሷ ነው። ትንሽ ቀድማ ታጠፈች? ዘግየት አለች? ወለሉ ላይ 39 ጣውላ አለ፤ አንዱ 2.7 ሴንቲ ያህል ይሰፋል። ቆሜ የምነሳበትን ቦታ ሁለት ጣውላ ወደ ግራ አዛውራለሁ፣ አንዳንዴ ሦስት። ያቺ አምስት ሴንቲ ናት ጨዋታውን የምትቀይረው።

ይህን የተማርኩት አልቅሼ ነው። ሰው ለመዝናናት የሚመጣበት ቦታ ዘይቱ የሚቀባው እንዲያግዝ ተደርጎ ነው። መሀሉ ላይ ይበዛል፣ ጠርዙ ላይ ያንሳል። ወደ ውጭ ያመለጠችህን ኳስ ደረቁ ጠርዝ ይመልስልሃል፤ ወደ ውስጥ ያመለጠችውን ዘይቱ ይይዝልሃል። እኔ በዚህ ላይ አማካይ ነጥቤ 178 ደርሶ ነበር። ጎበዝ ነኝ ብዬ ለውድድር ተመዘገብኩ። ውድድሩ ላይ ዘይቱ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል የተቀባ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ 131። ሁለተኛው 126። ሦስተኛው 144። ያው ኳስ፣ ያው ጫማ፣ ያቺው እኔ። ጣቴ በአንድ ሴንቲ ስታመልጥ ኳሷ የትም ትሄዳለች፤ የሚመልሳት የለም። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ። ለሦስት ዓመት ግማሹን ሥራ ዘይቱ ሲሠራልኝ እንደኖረ የገባኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ እንደገና ጀመርኩ። ስምንት ወር ሙሉ ነጥብ ሳልቆጥር አንዲት ጣውላ ላይ ብቻ ስወረውር ከረምኩ። ወንድሜ አንዲት መታጠፊያ ላይ እግር አወጣጡን ለማስተካከል ክረምቱን ሙሉ ሲለፋ አስታውሳለሁ። እኔም የሠራሁት እሱን ነው። ስም ከሰጠነው ልምምድ ነው የሚባለው።

«ኦሎምፒክ ላይ የለም» የሚል ክርክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ ለማሳያ ቀርቦ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። በ2015 ለቶኪዮ ከታጩት ስምንት ስፖርቶች አንዱ ነበር። አምስቱ ሲመረጡ ቦውሊንግ ወደቀ። ያን ዜና ዛሬም ሳነሳው ይቆጨኛል። የእስያ ጨዋታዎች ላይ ግን ከ1978 ጀምሮ ብዙ ጊዜ ተካሂዷል። ይሁን እንጂ ክርክሬን በዚህ ላይ አልመሠርትም። በበረዶ ላይ ድንጋይ የሚንሸራተትበት ከርሊንግ ወደ ኦሎምፒክ በቋሚነት የገባው በ1998 ነው፤ በ1997 ስፖርት አልነበረም የሚል ሰው የለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔ የማስበው አሜሪካዊቷን የቦውሊንግ ተጫዋች ኬሊ ኩሊክን ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ በሻምፒዮኖች ውድድር ፍጻሜ ክሪስ ባርንስን 265 ለ195 አሸነፈችው። የወንዶቹን የፒቢኤ (የፕሮፌሽናል ቦውሊንግ ተጫዋቾች ማኅበር) ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። መጫወቻው ያው፣ ፒኑ ያው፣ ዘይቱ ያው። ቅናሽ አልተደረገላትም። ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። የምመለከተው ስትራይኮቹን አይደለም፤ ከመወርወሯ በፊት ቆማ ወለሉን የምታይበትን ሁኔታ ነው።

ባለፈው ሐሙስ የሊግ ጨዋታ ነበረን። ወንድሜ ሳልጠራው መጣ። ጫማ አልተከራየም። ከኋላችን ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ስልኩን እንኳን አላወጣም። ሁለት ጨዋታ ዝም ብሎ አየ። ሦስተኛው ላይ ኳሴ ሁለት ጊዜ ቀድማ ታጥፋ የፊተኛውን ፒን ፊት ለፊት መታችው። ሁለተኛው ላይ ስፕሊት ቀረብኝ። በሚቀጥለው ተራዬ መነሻዬን ሁለት ጣውላ ወደ ግራ አደረግኩ። ፖኬት ገባች፤ አስሩም ወደቀ።

ተመልሼ ስቀመጥ ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«ቅድም ከቆምሽበት ቦታ ፈቀቅ ብለሻል። ለምን?»

በጣቴ ወለሉን እያሳየሁት ማስረዳት ጀመርኩ። እሱም ዓይኑን ጠበብ አድርጎ የማይታየውን ዘይት ለማየት ይሞክር ነበር።